ሥዕሉን መጀመሪያ ማን ይየው?

ከተሞክሮዬ

ያደግሁት አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሠፈራ መንደሮች በአንዱ ነው፤ አምባ 14፣ መገሌ 32 እየተባሉ በቁጥር ከሚጠሩት። ወላጆቼ በ1977ቱ ረሃብ ከወሎ ተጭነው የመጡ ናቸው። ኋላ ቴአትርና ፎቶግራፍ ተማርኩና፣ ችግር ወዳለበት ካሜራ፣ ቀለምና የድራማ ጽሑፍ ይዞ መሄድ እንጀራዬ ሆነ። ሱዳናውያን ስደተኞች ባሉባቸው በሸርቆሌና በባምባሲ፣ ከካማሺና ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖች በተጠለሉባቸው ቦታዎች ሠርቻለሁ። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ዘግይቶ የገባኝ ነው። ነገ ወደ መጠለያ ጣቢያ ለመሄድ ሻንጣውን የሚያዘጋጅ አንባቢ ካለ የእኔን ስሕተት አይድገም፤ የራሱን ይሥራ።

1. ልጆች የሚስሉልን እንግዳ የሚወደውን ነው።

በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ሲሻገር፣ ነባሩ ሸርቆሌ አልበቃ አለና በ2004 ባምባሲ ተከፈተ። የመጀመሪያውን የሥዕል ሥልጠና የሰጠሁት እዚያ ነው። ወረቀትና ቀለም አደልኩና «ያያችሁትን ሳሉ» አልኳቸው። ብዙዎቹ አውሮፕላን ሳሉ። ከሆዱ ቦምብ ይወርዳል፤ ከሥሩ ጎጆ ይነዳል። አንጀቴ ተላወሰ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ፤ ለኤግዚቢሽን የሚሆን ነገር በእጄ ገባ ብዬ።

አንድ ልጅ ግን ሥዕሉን ሰጥቶኝ ከአጠገቤ አልሄድ አለ። «ኡስታዝ፣ አውሮፕላኑን ጨርሻለሁ። አሁን የራሴን ልሳል?» አለኝ። የራስህ ምንድን ነው ብለው፣ አህያ ነው አለ። አውሮፕላኑስ የማን ነው? «እንግዶች አውሮፕላን ነው የሚወዱት።» ከእኔ በፊት የመጡት ሰዎች አውሮፕላን የሳለውን ልጅ ሥዕሉን አስይዘው ፎቶ ያነሱት ነበር። ፍየል የሳለውን ጎሽ ብለው ያልፉታል። ልጆቹ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም።

አውሮፕላኑ ውሸት አልነበረም፤ የሱዳን አየር ኃይል አንቶኖቮች የብሉ ናይልን መንደሮች ደብድበዋል። ነገር ግን ያ ልጅ የደረሰበትን ሲነግረኝ ሳይሆን የታዘዘውን ሲያቀርብልኝ ነበር። ሁለተኛ ወረቀት ሰጠሁትና አህያውን ሳለ። ጆሮዎቹ ከእግሮቹ ይረዝማሉ፤ ጀርባው ላይ ሁለት ጀሪካን ተጭኗል፤ አንደኛው ጀሪካን ያንጠባጥባል። ጠብታዎቹን አንድ በአንድ እስከ መሬት ድረስ አስቀምጧቸዋል። ከዚያ ወዲህ «ያያችሁትን ሳሉ» አልልም። ወረቀቱን ብቻ እሰጣለሁ። የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ፍየል፣ ኳስና ሠርግ ነው። ለፕሮፖዛል አይመችም።

2. ግጭት ባለበት አገር የተዋናይ አነጋገርም ወገን ይይዛል።

አሶሳ ከተማ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደም ፈስሶባታል። በመስከረም 2011 ደግሞ የካማሺ ዞን አመራሮች መንገድ ላይ ተገደሉና፣ ተከትሎ በመጣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ወለጋ ተፈናቀለ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው «የሰላም ድራማ» ይፈልግ ነበር። እኔም ጻፍኩ። ታሪኩ በመሬት የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ነው። አንዱ ቂመኛ ነው፤ አንዱ ታጋሽ፤ መሀል ላይ አስተዋይ ሽማግሌ አለ። ሽማግሌውን ማን ሊጫወተው እንደሚችል ሳስብ ከራሴ የተሻለ አላገኘሁም።

ድራማው ሲታይ መጀመሪያ ሳቅ በሳቅ ነበር። ቂመኛው አማርኛውን እየሰባበረ ሲናገር ሰዉ ይፈርሳል። ትንሽ ቆይቶ በግራ በኩል የተቀመጡት ተመልካቾች አንድ አንድ እያሉ ተነሥተው ወጡ። አልጮኹም፤ አልተቃወሙም፤ ወጡ። መጨረሻ ላይ ተቃቅፈን ቡና ስንጠጣ (የሰላም ድራማ ያለ ቡና አያልቅም) ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። በማግሥቱ አንድ የጉሙዝ አዛውንት አገኙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ድራማችሁ ጥሩ ነው። ክፉው ሰውዬ በእኔ አፍ ይናገራል። ሽማግሌው በአንተ አፍ ይናገራል። ማነው የጻፈው?»

መልስ አልነበረኝም። አማርኛዬ የወሎ ነው፤ እናትና አባቴ ከነለዛው ያወረሱኝ። ለእኔ ይህ አነጋገር የቤት ድምፅ ነው። ለእሳቸው ግን የአንድ ወገን ድምፅ ነው፤ ያውም ያ ወገን ራሱን ዳኛ አድርጎ መድረክ ላይ ወጥቷል። ጽሑፉን ስጽፍ ማንንም ለመንካት አላሰብኩም ነበር። አለማሰቤ ነበር ችግሩ።

ድራማውን አልጣልነውም፤ አፈረስነው እንጂ። ገጸ ባሕርያቱን በዕጣ አከፋፈልን፤ ቂመኛው አንድ ቀን ከሠፋሪ ልጆች ለአንዱ፣ ሌላ ቀን ለበርታ ልጅ ይደርሳል። ሁሉም በገዛ ቋንቋው ይናገራል፤ በሩጣንኛ፣ በጉሙዝኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ። መግባባት አልተቸገርንም፤ የአሶሳ ገበያ በየሳምንቱ የሚውለው በዚሁ ነው። መጨረሻውንም ቆረጥነው። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ተመልካቹ ትርኢቱን አስቁሞ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚለውጥበትን አሠራር አስተምሮ ነበርና እሱን ሞከርን። የመጀመሪያዋ ያስቆመችን ሴት የተናገረችው ስለ ፍቅርም ስለ አንድነትም አልነበረም። «ከብቶቹስ? ማን ይከፍላል?» ነው ያለችው። እርቅ በዚህ አገር ካሳ አለው፤ የጉሙዝም የሺናሻም ሽማግሌዎች ለዚህ ቀናት ይቀመጣሉ። እኔ በአርባ ደቂቃ ልጨርሰው ነበር።

3. ፊት ማስረጃ ነው፤ ማስረጃም ሰው ያስገድላል።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። የተረፈው ሕዝብ ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው ቦታ ተጠለለ። እዚያ ያነጋገርኳት አንዲት እናት የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ፎቶዋን አነሣሁ፤ ፈቅዳልኛለች። ማታውኑ ፊቷን፣ የመጣችበትን ወረዳና የነገረችኝን አንድ ላይ አድርጌ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ዝም ማለት ወንጀል ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ አሁንም አምናለሁ።

ፎቶው በሺዎች ተጋራ። በሁለተኛው ቀን የማላውቀው ሰው የበቀል ጥሪ ጽፎበት ሲያዞረው አየሁ። በሦስተኛው ቀን ዘመዷ ደወለልኝ። «ወንድሟ ገና አልወጣም። እዚያው ነው ያለው።» ሌላ ምንም አልጨመረም። የኔን አጠፋሁት፤ የተቀዳውን ግን ማን ያጠፋዋል? ወንድሟ ኋላ በደህና ወጣ። በእኔ ጥንቃቄ አይደለም።

እንባው ያልደረቀ ሰው «እሺ» የሚላችሁ፣ ያዳመጣችሁት እናንተ ብቻ ስለሆናችሁ ሊሆን ይችላል። አሁን ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ። ሁለተኛውን የምጠይቀው ሌላ ቀን፣ ካሜራ ሳልይዝ፣ ፎቶው የት የት ሊደርስ እንደሚችል በስልኬ እያሳየሁ ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ብዙዎች እምቢ ይላሉ።

4. ዘፈን ገንዘብ ያሰባስባል፤ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ግን አያይም።

ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ያቀረበው፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣው የረሃቡ ፊልም በቢቢሲ የተላለፈው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ያንን አይቶ ዘፋኞች ሰበሰበና በኅዳር ለገና ዘፈን ቀረጹ። በዘፈኑ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀለት ሕዝብ ላሊበላ ላይ በዓሉን ሲያከብር ስንት መቶ ዓመት እንዳለፈው የነገራቸው የለም፤ እሱን እንለፈው። ሐምሌ 6 በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተደረገ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተሰበሰበ ይነገራል።

ለረጅም ጊዜ ለእኔ የጥበብና የሰብአዊነት ትዳር ምሳሌው ይህ ነበር። አንድ ጊዜ ስለዚያ ኮንሰርት የተሠራ ፕሮግራም በቴሌቪዥን ሲታይ እናቴ አጠገቤ ነበረች። ዘፋኞቹን ዝም ብላ አየችና «ይሄ ሁሉ ሰው ሲዘፍንልን እኛ የት ነበርን?» አለች። ከዚያ ራሷ በጣቷ ቆጥራ መለሰች። «ሐምሌ… ሐምሌማ እዚህ ነበርን። ቀርከሃ ስንመነጥር፣ ወባ ሲጥለን።»

ደርግ በዚያ ጊዜ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሠፈረ። ወደው የሄዱ ነበሩ፤ ተይዘው የተጫኑም ነበሩ። የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ሠፈራውን ተቃውሞ በመናገሩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። ዓለም የዘመረለት ረሃብተኛና ጫካ ውስጥ የተጣለው ሠፋሪ አንድ ሰው መሆኑ በዘፈኑ ውስጥ የለም።

ከዚያ በፊትም ምስል ካሰቡለት ሌላ ቦታ ሄዷል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የ1965ቱንና የ66ቱን የወሎ ረሃብ ቀርጾ ለእንግሊዝ ሕዝብ ያሳየው እርዳታ እንዲመጣ ነበር። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ንጉሡ ይወርዱ አይወርዱ የእኔ ነገር አይደለም። የወሎ ሰው ግን ለዚያ ሥራ ፊቱን አላዋሰም ነበር።

ሌላም አለ፤ ይህንን ለማየት ሰው እስክሆን ድረስ ቆይቻለሁ። እኛ የሠፈርንበት መሬት ባዶ አልነበረም። የበርታ ሕዝብ የሚያርሰው፣ የሚያሳርፈው፣ ማር የሚቆርጥበት ነበር። መተከል ውስጥ፣ ፓዌ ላይ፣ ጉሙዞችም ያው ደርሶባቸዋል። የእኔን ቤተሰብ ያተረፈው ሠፈራ የሌላውን ቤተሰብ ገፍቷል። ልጅ ሳለሁ ጎረቤቶቻችን የነበሩት የበርታ ሰዎች ማንጎ ሲሰጡን፣ ስንቱን ዛፍ እንዳጡ አላውቅም። ለእነሱ የዘፈነ የለም፤ ካሜራም ከመሬታቸው ወደተገፉት አልዞረም። ስለዚህ አሁን ስለ ስደተኛ ስሠራ፣ መጠለያው ከመከፈቱ በፊት እዚያ ማን ያርስ እንደነበር እጠይቃለሁ። ማገዶ የሚለቅሙት የስደተኛም የነባሩም ሴቶች አንድ ጫካ ነው የሚጋሩት፤ ድራማ ከተፈለገ እዚያ አለ።

5. ማማር የፈለገን ሰው አትከልክሉ።

ሥራዬን ስጀምር ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበር የማነሣው፤ ቀለም የሐዘንን ክብር የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር። ሸርቆሌ ውስጥ አንዲት ሱዳናዊት ላነሣት ስል «ቆይ» አለችና ወደ ድንኳኗ ገባች። ከፌስታል ውስጥ ቢጫ ቶብ አወጣች፤ ለብሳ፣ ተኳኩላ ተመለሰች። እኔ ደግሞ «እንደቀድሞሽ ይሻላል» አልኳት። ያየችኝን አስተያየት ለመጻፍ አማርኛ ያጥረኛል። አላስነሣችኝም፤ ደግ አደረገች።

የአዲስ ፎቶ ፌስት መሥራች አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ለውኃ በጎ አድራጎት ድርጅቱ ለዋተርኤይድ በሠራቻቸው ፎቶዎች ላይ ሴቶች ውኃ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ዳሎል ነው ቦታው፤ የለበሱት ግን ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ነው፤ ሁሉም ተመርጦና ተዘጋጅቶ የተነሣ ነው። መጀመሪያ ሳያቸው «ይሄ የውኃ ችግር ነው ወይስ የፋሽን ትርኢት?» ብያለሁ። ቢጫዋን ቶብ ካሰብኳት በኋላ ተመልሼ አየኋቸው። የችግሩ ክብደት ምንም አልቀነሰም። የቀነሰው የእኔ ርኅራኄ ነው፤ በቦታውም አክብሮት ገባ።

6. ሥልጠና የሚያስፈልገው ሁልጊዜ ሠልጣኙ አይደለም።

አንድ ፕሮጀክት ላይ ለስደተኛ ወጣቶች የሙዚቃ መሣሪያ እንገዛለን ብለን ኪቦርድና ጊታር አስገባን። የበርታ ሰዎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ሕዝብ ናቸው፤ የሚነፋው ረጅም መሣሪያቸው እኛ ዘንድ ዙምባራ፣ ሱዳን ዋዛ ይባላል። ከተያያዙ የቅል ቁራጮች ይሠራል። አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ብዙዎቹ በየተራቸው ሲገቡ ነው። አንዱ ከጎደለ ዜማው ይጎድላል። የስደተኞቹ ሽማግሌዎች ሲሸሹ መሣሪያዎቹን ትተው ነው የወጡት። ምን ይምጣላችሁ ስንላቸው «የቅል ዘርና ክረምት» አሉን።

ዘሩ ተዘርቶ፣ ቅሉ አድጎ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ነው የሚሠራው። የፋይናንስ ባልደረባችን ለቅል ዘር የበጀት ኮድ አጣችለት። ሦስት ፕሮፎርማም ጠየቀችን፤ ከማን እንደምናመጣ እንጃ። በመጨረሻ ዘሩን ከአሶሳ ገበያ ከኪሳችን ገዛን። ቅሉ የደረሰው ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ የለም። ኪቦርዱ አለ፤ ከነፎቶው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ የሚገቡት ከገጠር ብቻ አይደሉም። የግድግዳ ሥዕል ምን እንደሆነ ሳስረዳ አንድ ወጣት ፈቃድ ጠይቆ ስልኩን አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 በካርቱም የጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ሕዝቡ ሲቀመጥ አጥሮቹን በሥዕል ከሞሉት ወጣቶች አንዱ ነበር። የቀረውን ሰዓት እሱ አስተማረን።

7. ሬሽን ሲቆም ተስፋ አትሳሉ።

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ዩኤስኤይድ እህል ወደ ሌላ እየዞረ ነው ብለው በመላ አገሪቱ እርዳታውን አቆሙ፤ ስደተኞችም እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ሳያገኙ ቆዩ። የእኛ ዕቅድ በዚያው ሰሞን «ተስፋ» የሚል የግድግዳ ሥዕል ነበር። ሴቶቹ ግድግዳውን እንደማይፈልጉት በትሕትና ነገሩን። የፈለጉት ስለ ሚዛን የሚናገር ድራማ ነው፤ እህሉ ሲመለስ ለአንድ ሰው ስንት ኪሎ እንደሚገባው ሁሉም እንዲያውቅ። ሠራነው። ከሠራኋቸው ሁሉ ሰው በቃሉ የያዘው እሱን ብቻ ነው።

8. ሥራው መጀመሪያ የሚታየው በተሠራበት ቦታ ይሁን።

ለዓመታት ኤግዚቢሽኖቼ የሚከፈቱት አዲስ አበባ ነበር። እንግዶች ይመጣሉ፤ ንግግር ይደረጋል፤ ሰው ከፎቶዎቹ ፊት ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ፎቶው ውስጥ ያሉት ግን አንድም ቀን አላዩትም። አንድ ጊዜ በጀት አጠረንና አዳራሹ ቀረ። ያነሣሁትን በባነር አሳተምኩና ባምባሲ መጠለያ ትምህርት ቤት አጥር ላይ ሰቀልኩት።

ገና ሳይመሽ መግለጫዎቹ ታረሙ። «ይቺ እናቱ አይደለችም፤ አክስቱ ናት።» «ይሄ ከጦርነቱ በፊት የታመመው ነው፤ በቦምብ አይደለም።» «እዚህ ጋ የጻፍከው ስም የመንደሩ ሳይሆን የወንዙ ነው።» አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው ያመነኝን ነገር ሕፃናት እየሣቁ አስተካከሉልኝ። አንዲት ሴት የእሷ እንዲወርድ ጠየቀች፤ ወረደ። ሌሎቹ ደግሞ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ኮፒ። ሲሸሹ ፎቶ ይዞ የወጣ የለምና።

ስለዚህ ፕሮፖዛል ስትጽፉ፣ ከአዲስ አበባው አዳራሽ ኪራይ በፊት የመጠለያውንና የአሶሳውን ማሳያ አስገቡ፤ ለኮፒ ማተሚያም ገንዘብ ያዙ። ብዙ አይደለም፤ ባነር አታሚ አሶሳ ከተማ ውስጥ አለ። ለጋሹ ለምን እንደሆነ ከጠየቃችሁ፣ ስሕተታችንን የሚያርሙልን እዚያ ስላሉ ነው በሉት።